ለኪልት የሚሆን ኮት በርካሽ እንዴት እንዳገኘሁ

ኪልት የስኮትላንድ ወንዶች የሚለብሱት ባለ ሽንሽን ጉርድ ነው። የኔን ያገኘሁት በነጻ ነው። አማቴ የስኮትላንዷ ኤድንብራ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው የሚለብሱት ኪልት ሆድ ሲያወጡ እምቢ አላቸው። እኔ ቀጭን ስለሆንኩ የጎኑ ማሰሪያ ሲጠብቅ ልክክ አለብኝ። ጭንቁ ከላይ ምን ይለበስ የሚለው ነበር።

ደንበኛ የኪልት ኮት የሚባሉት በዋናነት ሁለት ናቸው። አንዱ ለማታ ግብዣ የሚለበሰው ፕሪንስ ቻርሊ ነው። ሌላው አርጋይል ይባላል፣ ለቀንም ለማታም ይሆናል። አዲሱን ከሱቅ ልግዛ ብል ዋጋው ብዙ ነው። በነጻ ላገኘሁት ልብስ ያን ያህል መክፈል አልዋጥልኝ አለ።

መጀመሪያ ቤት ያለውን የሥራ ኮቴን ደረብኩበት። እናቴ በቪዲዮ አይታኝ «ኮቱስ ይሁን፣ ሱሪው የት ገባ?» አለች። እውነቷን ነው። ኪልት እንደ ሱሪ ዳሌ ላይ አይታሰርም፤ እንብርት አካባቢ ነው ቦታው። የተለመደ ኮት ደግሞ መቀመጫ እንዲሸፍን ተደርጎ ይሰፋል። ሁለቱ ሲገናኙ ኮቱ ሽንሽኑን ይውጠውና ከጉልበት በላይ ትንሽ ጨርቅ ብቻ ይቀራል። ከፊት ደግሞ ስፖራኑ ይደበቃል። ስፖራን ከቀበቶው ዘለበት ትንሽ ዝቅ ብሎ የሚንጠለጠለው የቆዳ ቦርሳ ነው፤ ኪልት ኪስ ስለሌለው ስልክና ቁልፍ የሚገባው እሱ ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ ሱቅ ስገባ ከቀለምም ከጨርቅም በፊት የማየው ቁመቱን ሆነ።

በቁመት ከሄድን ርካሽ አማራጭ ሞልቷል። የጂንስ ጃኬት ወገብ ላይ ስለሚያልቅ ምንም ሳይነካ ይሄዳል። ቁልፉን ግን አልቆልፈውም፤ ሲቆለፍ የታችኛው ጠርዝ ቀበቶው ላይ ተጨማድዶ ይቆማል። አጭር የቆዳ ጃኬትም ያምራል፣ በተለይ ከቦት ጫማ ጋር። ሃሪንግተን የሚባለውን ባለ ዚፕ ጃኬትም ሞክሬ ነበር። ቁመቱ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ገበሩ ብዙ ጊዜ ታርታን ነው፤ ኪልት የሚሰፋበት ዓይነት ባለ ቀለም መስመር፣ ዳማ ዳማ ጨርቅ ማለት ነው። የኔው ቀይ ታርታን፣ የአማቴ ኪልት አረንጓዴ ታርታን። ዚፑ ሲከፈት ሁለቱ ይጣላሉ። ተውኩት።

ስኮትላንዶች ራሳቸው በዚህ ነገር አይጨነቁም። ብሔራዊ ቡድናቸው ግላስጎው ሃምፕደን ፓርክ ሲጫወት ሄዳችሁ ብታዩ፣ ደጋፊው ኪልቱን ከኳስ ማሊያና ከቦት ጫማ ጋር ለብሶ ነው የሚዘፍነው። ደንቡን ከነሱ በላይ የምንጠብቀው እኛ መጤዎቹ ሳንሆን አንቀርም።

ለሰርግና ለክርስትና ግን ጂንስ አይሆንም። ለዚያ ያገኘሁት መፍትሄ ትዊድ ከሚባለው ወፍራም የሱፍ ጨርቅ የተሰፋ አሮጌ ኮት ገዝቶ ማሳጠር ነው። ኤድንብራ ውስጥ ስቶክብሪጅ የሚባል ሰፈር የበጎ አድራጎት ሱቆች ተደርድረውበታል፤ ሀብታም ሰፈር ስለሆነ የሚሰጡት ልብስም ደህና ነው። እዚያ ነው የሃሪስ ትዊድ ኮት በ25 ፓውንድ ያገኘሁት። ሃሪስ ትዊድ እንዲያው ስም አይደለም። በ1993 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ አለው። በምዕራብ ስኮትላንድ ባሉት የውጭ ሄብሪዲስ ደሴቶች፣ በነዋሪዎቹ ቤት በእጅ ካልተሸመነ በስሙ አይሸጥም። ኮቱን ገልጣችሁ ውስጡ ላይ የሉልና የመስቀል ምልክት ያለበትን ጨርቅ ፈልጉ።

ለማሳጠር ኮት ስትመርጡ ትከሻው ልክክ ይበል። ቁመት ይቆረጣል፣ ወገብ ይጠባል፤ ትከሻ ግን በርካሽ አይስተካከልም። ቀጥሎ ኪሱን እዩ። ከላይ የተለጠፈ ኪስ ተፈቶ ከፍ ሊል ይችላል፤ ግን ኮቱ ያረጀ ከሆነ የድሮው ቦታ ሳይደበዝዝ ጠቆር ብሎ ያሳብቃል። ስለዚህ ክዳን ያለውን፣ ወደ ውስጥ የሚገባውን ኪስ መረጥኩ።

ልብስ ሰፊ ዘንድ ስትሄዱ ኪልቱን ከነስፖራኑ ለብሳችሁ ቁሙ። ልኬቱ በሱሪ አይወሰድም። የኔዋ ሰፊ በጠመኔ አንዴ ከኋላ፣ አንዴ ከፊት አሰመረች። ከኋላ ሽንሽኑ ተሰፍቶ የሚያልቅበትና መዘርዘር የሚጀምርበት ቦታ አለ፤ ኮቱ እዚያ አካባቢ እንዲያልቅ ተስማማን። 9 ሴንቲሜትር ተቆረጠ። ከፊት ከታችኛው ቁልፍ ጀምራ ጠርዙን ወደ ጎን ክብ አድርጋ ከፈተችው፤ ስፖራኑ ወጣ። ከኋላ ያለው ቅድ ሲያጥር የዶሮ ጭራ መስሎ ቀረ፤ እሱን ሰፍታ ዘጋችው። የኪሱ ከረጢትም አብሮ አጠረ፤ አሁን ከመሐረብ በላይ አይዝም። ተቆርጦ ከተረፈው ጨርቅ ትከሻው ላይ የሚደረግ ማሰሪያ ልስራልህ ብላኝ ነበር። ወታደር እመስላለሁ ብዬ እምቢ አልኩ። የእጇን 50 ፓውንድ ከፈልኩ። በ75 ፓውንድ ኮት አለኝ።

ሰደርያ መደረብ የምትፈልጉ፣ ታችኛው ጠርዙ ቀጥ ያለውን ፈልጉ። ሹል ጫፍ ያለው ስፖራኑ ላይ ይወርድና አይያዝለትም።

የግብዣ ወረቀቱ ላይ «ጥቁር ክራቫት»፣ ማለትም ደንበኛ የማታ ግብዣ ልብስ ልበሱ ተብሎ ከተጻፈ ግን ትዊዱን ትቼ ፕሪንስ ቻርሊውን ለአንድ ቀን እከራያለሁ። ሙሽራውና ሚዜዎቹ ደንቡን ጠብቀው ቆመው እኔ ብቻዬን ፎቶው ላይ ሌላ ዓለም መሆን አልፈልግም። ኮቱ እንዴት እንደሚታይ የማይገባኝ ጊዜ አማቴን እጠይቃለሁ። ሲስቁ አልለብሰውም።