የራስህ አለቃ ነህ፣ ግን ሱቅህ የት ነው?

ሰሞኑን "ሥራ ልለቅ ነው፣ እንዳንተ በራሴ ልሠራ" የሚለኝ ሰው በዝቷል። አብዛኞቹ ደብረ ማርቆስና ባሕር ዳር ያሉ ልጆች ናቸው። ላፕቶፕ አላቸው፣ ደመወዛቸው ወር አያደርስም፣ የሆነ ቪዲዮ ላይ ደግሞ ቡና እየጠጣ ዶላር የሚለቅም ሰው አይተዋል። እኔ የግራፊክስ ዲዛይን በፍሪላንስ ስጀምር ስለ ወረቀቱ ጉዳይ የነገረኝ የለም። ቢነግሩኝ ኖሮ ስንት ንዴት ይቀርልኝ ነበር።

አጀማመሩ አይከብድም። የሠራችኋቸውን ጥሩ ጥሩ ሥራዎች መርጣችሁ አፕወርክ ወይ ፋይቨር የሚባሉ ሥራ አገናኝ ድረ ገጾች ላይ ትለጥፋላችሁ። ከምታገኙት ላይ ፋይቨር 20 በመቶ ይቆርጣል፤ አፕወርክ ድሮ 10 በመቶ ነበር፣ አሁን እንደ ሥራው ይለያያል። ፔይፓል ኢትዮጵያ ላለ ሰው ገንዘብ መቀበያ አይሆንም፣ ስለዚህ ፔዮነር የሚባለው የክፍያ ድርጅት ጋ ሂሳብ ከፍታችሁ ወደ ባንካችሁ ታዞራላችሁ። ይኸው ነው። ቀሪውን ዩቲዩብ ያስተምራችኋል።

ዩቲዩብ የማያስተምረው የአገር ቤቱን ሥራ ነው። እውነቱን ልንገራችሁና ደብረ ማርቆስ ተቀምጦ በውጭ ደንበኛ ብቻ መኖር ከባድ ነው፣ በተለይ ከ2015 ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥብን ያየነውን አይተናል። የሽቦ ኢንተርኔት ያለው ቦታ ፈልጎ፣ ወረፋ ይዞ፣ ፋይል እስኪጫን አንድ ማኪያቶ ሲያቀዘቅዙ መዋል። አንዳንዴም ፍላሹን በፖስታ አሽጎ አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው መስጠትና ዓባይ በረሃን በሰላም ይሻገር ዘንድ መጸለይ። የውጭ ደንበኛ ይህን አይገባውም። "ኢንተርኔት ተዘግቶ ነው" ስትለው ውሻዬ በላብኝ ያልከው ይመስለዋል።

ስለዚህ የሚያበላን ሰኔ ነው። የመንግሥት በጀት ሰኔ 30 ይዘጋል፣ ያልተጠቀሙበት ገንዘብ ይመለሳል። ዓመቱን ሙሉ ዝም ያለ መሥሪያ ቤት ሰኔ ሲገባ ዓመታዊ ሪፖርት፣ ብሮሹር፣ ባነር፣ መጽሔት በአንድ ጊዜ ያምረዋል። ሌሊት ከቀን ትሠራለህ።

በ2016 ሰኔም እንዲሁ ሆነ። አንድ መሥሪያ ቤት ሪፖርቱን በመጽሔት መልክ እንዳዘጋጅለት አዘዘኝ። ሠራሁ፣ ወደዱት፣ ኃላፊው ፈረመ። ፋይናንስ ክፍል ስሄድ ሰውዬው መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አድርጎ "ንግድ ፈቃድ?" አለኝ።

"የለኝም፣ የግብር ከፋይ ቁጥር፣ ቲን ግን አለኝ" አልኩት።

"ያ የደመወዝተኛ ነው። ፈቃድ ካላመጣህ 30 በመቶ ቆርጠን ነው የምንከፍልህ።"

ፈቃድ ላለው ያኔ ለግብር የሚቆረጠው 2 በመቶ ነበር። ልዩነቱን እናንተው አስሉት። ሥራውን ሲያዝዙኝ ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም፣ ሁሉም ግን ያውቁ ነበር። እስካሁን የሚያበሽቀኝ ይሄ ነው።

ፈቃድ ልታወጣ ትሄዳለህ። በኢንተርኔት ማመልከት ይቻላል ተብሎ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። የትኛው ኢንተርኔት? መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ጨዋ ናት፣ አትቆጣም፣ ግን ንቅንቅ አትልም።

"ሱቅህ የት ነው?"

"ቤቴ ነው የምሠራው። በላፕቶፕ።"

"እሺ፣ የንግድ ቤቱን ኪራይ ውል አምጣ።"

ንግድ ቤት የለኝም ብትላት "እና ምኑን ነው የምትነግደው?" ትልሃለች። ሥራዬን ላፕቶፕ ከፍቼ አሳየኋት። "ያምራል" አለችኝ። ከዚያ "ውሉን ሰኞ ይዘህ ና" አለችኝ።

አከራዬን ለመንኳቸው። ደግ ሴት ናቸው፣ ያለ እኔ ቡና አይጠጡም። "እትዬ፣ ለወረቀት ያህል ውል እንፈራረም" ስላቸው ፊታቸው ተለወጠ። "ወየው ልጄ፣ ነገ ግብር ከፋይ ነሽ ብለው ሊጠሩኝ? እኔ የሁለት ክፍል ቤት ኪራይ ይዤ? ይቅርብህ፣ ሌላ ሌላ ነገር ጠይቀኝ።" አልፈረድኩባቸውም። መንግሥት ለኔ ውል ሲጠይቅ ለሳቸው የኪራይ ግብር ማለቱ ነው፣ መሀል ላይ ተቀርቅሮ የሚቀረው ግን እኔ ነኝ። ቢስማሙም ኖሮ ገና ውልና ማስረጃ ሄዶ መሰለፍ አለ። ሰኔ 30 ደግሞ ማንንም አይጠብቅም።

ገንዘቡ 30 በመቶው ተቆርጦ ወጣልኝ። ሰውዬው የቆረጠበትን ወረቀት ሲሰጠኝ "ለከርሞ ተዘጋጅ" አለኝ፣ እንደ አባት።

መፍትሔው በመጨረሻ የተገኘው አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ነው። ባለቤቱ ወዳጄ ነው፣ ጥግ ላይ አንድ ጠረጴዛ በውል አከራየኝ። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ አላውቅም፣ የሱ ወረቀት ተከምሮበታል። በየወሩ ግን እከፍላለሁ። ፈቃዴም እዚያው ግድግዳ ላይ በመስታወት ተሰቅሏል፣ ላሚኔት ማድረጊያው ማሽን አጠገብ። ፈቃዱ ሕጋዊ ነው፣ ግብሬንም እከፍላለሁ፣ ያው ግን ለማልቀመጥበት ወንበር ነው የምከፍለው።

ስለዚህ ምክሬ፦ ከመሥሪያ ቤት ሥራ ከመቀበላችሁ በፊት ጥቅምትና ኅዳር ላይ፣ ቢሮው ጭር ባለበት፣ ፈቃዱን ጨርሱት። በሰኔ አትሞክሩት። ሥራ ሲያዝዟችሁ ከኃላፊው ጋር ብቻ አትነጋገሩ፣ ፋይናንስ ክፍል ገብታችሁ "ምን ምን ወረቀት ትፈልጋላችሁ?" በሉ። የሚከፍለው እሱ ነው።

ሥልጠና ላይ "አምስት ሆናችሁ ተደራጁ" ይሏችኋል። እኔ አትደራጁ ነው የምለው፣ ቢያንስ ለእንዲህ ያለ ሥራ። ብድርና መሥሪያ ቦታ ይገኝበታል፣ እውነት ነው። ግን ሌሊት የሚሠራው አንድ ሰው ሲሆን ገንዘቡ ለአምስት ይካፈላል፣ ከዚያ ስብሰባ፣ ከዚያ ቃለ ጉባኤ፣ ከዚያ ሽማግሌ።

ጥቅም የለውም ወይ? አለው እንጂ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ፔዮነር ላይ የነበረችኝ ትንሽ ዶላር ስትሸጥ ከቀድሞው በጣም የተሻለ ብር አመጣች። ያን ጊዜ ደመወዝ ላይ ብሆን ኖሮ የማየው የዘይቱን ዋጋ ብቻ ነበር። ደግሞ ለቅሶ ለመድረስ ማንንም አላስፈቅድም። አባቴ አዝመራ ሲሰበስብ ገጠር ወርጄ ሳምንት እቀመጣለሁ። ይህ ለኔ ትልቅ ነገር ነው።

ጉዳቱም አለ። አሠሪ ለጡረታ የሚጨምርልህ 11 በመቶ የለም። ታመህ ብትተኛ ገቢህም አብሮህ ይተኛል። ገንዘቡ ሲመጣ ግር ብሎ ነው፣ ሲጠፋም እንደዚያው፤ እኔ ጥር ላይ ጤፍ ረከስ ሲል የዓመቱን ገዝቼ አስቀምጣለሁ፣ ሌላው ሁሉ ቢጎድል እንጀራ አይጎድልም። ጎረቤት ደግሞ አሁንም ሥራ ፈት ነው የሚለኝ። እናቴ "ልጅሽ ምን ይሠራል?" ሲሏት ድሮ የለቀቅኩትን መሥሪያ ቤት ነው የምትጠራው።

ባለፈው የጡረታ፣ የአበል፣ የምኑም የምኑም ያለው ቅጥር ቀርቦልኝ ነበር። አልገባሁም። አሁን ግን ሥራ ሲያዝዙኝ ግማሹን በቅድሚያ እጠይቃለሁ። "አሠራራችን አይፈቅድም" ካሉኝ የማስረክበው ናሙናውን ነው፣ ገጹ ሁሉ ላይ ስሜ በትልቁ ታትሞበት። ንጹሑን ቅጂ ክፍያው ሲገባ ይወስዳሉ። መጀመሪያ ይኮሳተራሉ፣ ሰኔ 25 አካባቢ ግን ራሳቸው ይደውላሉ።