እናቴ ባቡር ወረደች

ጋሼ ረቂቁን ከፊቴ አስቀመጡና አንድ ቃል በጣታቸው ነኩ።

«ይኼን ማን ጻፈው?»

የግለ ታሪካቸው አራሚ እኔ ነበርኩ። ያደጉት ጎጃም፣ ገጠር ነው። «እናቴ ጤፉን ተሸክማ ባቡር ወረደች» ብለው ጽፈው ነበር። ባቡር ያሉት በሞተር የሚሠራውን የእህል መፍጫ ነው። ያሁን ጊዜ አንባቢ ባቡር ሲባል ሐዲድ ነው የሚታየው ብዬ «ወፍጮ ቤት» አደረግኩት። ኮምፒውተሩን «ፈልግ፣ ተካ» አልኩት፤ ሁሉም ባንዴ ተቀየረ።

«እኔ ነኝ ጋሼ። ያው ነው ብዬ እኮ ነው።»

«ያው አይደለም ልጄ። ወፍጮማ ቤታችን ነበር፤ ድንጋዩ። አንቺ ወፍጮ ላይ ተንበርክከሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«እናቴ ዶሮ ሳይጮኽ ተነሥታ መጁን ትይዛለች። እኔ የምነቃው በሱ ድምፅ ነው። ጉልበቷ እንደ ቁርበት ደርቆ ነበር። ኋላ ከወንዙ ማዶ ባቡር ተተከለ። እናቴን ከወፍጮ ያስነሣት ባቡር ነው። አንቺ ደግሞ መልሰሽ ወፍጮ ትሰጫታለሽ?»

የምለው ጠፋኝ። ይቅርታ ጠየቅኳቸውና እመልሰዋለሁ አልኩ።

አለቃዬ ግን አልተዋጠለትም። «አንባቢ ይደናገራል። ደግሞ የሽማግሌ ወሬ ማስረጃ አይሆንም፤ በጽሑፍ አሳዪኝ» አለ። ይህች ንግግር እስከዛሬ ከውስጤ አልወጣችም። በዚያ ቃል አፉን የፈታ ሰው ፊታችን ተቀምጦ እያለ ጋዜጣ ይመስክርለት ተባለ።

ወመዘክር፣ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ ሄድኩ። የድሮ ጋዜጣውና መጽሔቱ በኮምፒውተር ተፈልጎ የሚገኝ አልነበረም፤ ገጽ በገጽ በዓይን ነው። ወረቀቱ ጠርዙ ላይ ይፈረፈራል፣ ስትገልጪው ትንፋሽሽን ትይዣለሽ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ያገኘሁት ባቡር ሁሉ የሐዲዱ ነው። ተስፋ ልቆርጥ ስል ዓይኔ ሥር የነበረው ነገር ታየኝ፦ ምድር ባቡር። በየማስታወቂያው «ምድር» የምትለዋ ቃል አለች። ባቡር ማለት የሐዲዱ ብቻ ከሆነ «ምድር» ማለት ለምን አስፈለገ?

ቃሉ በዐረብኛ በኩል የመጣ ነው፤ ሥሩ እንፋሎት ማለት ነው። ስለዚህ በእንፋሎት የሚሠራ፣ ቆይቶም በሞተር የሚሠራ መሣሪያ ባቡር ሊባል ቻለ። አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዚያን ለምኒልክ ያስመጣው የእንፋሎት ተሽከርካሪ ሐዲድ አልነበረውም፤ ሕዝቡ ግን «የሰርኪስ ባቡር» ነው ያለው። ምኒልክ ያረፉት በ1906 ነው። ምድር ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909። ለምኒልክ የተገጠመውን «ባቡሩም ሰገረ፣ ስልኩም ተናገረ» የሚለውን ግጥም ከዚያ ወዲህ ስሰማው የሚታየኝ በድንጋይ መንገድ ላይ እያጨሰ የሚሄደው የሰርኪስ ባቡር ነው።

በሦስተኛው ቀን፣ ከአሮጌ ጥራዞች በአንዱ፣ ከታች ጥግ ላይ አነስተኛ ማስታወቂያ አገኘሁ። ከነሞተሩ የሚሸጥ የእህል መፍጫ ነው። ስሙ ባቡር ነው። እዚያው ተቀምጬ ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት።

መኪናም እኮ እንደዚሁ ነው። ከጣሊያንኛ ሲገባ ማንኛውንም ማሽን ይዞ ነው የገባው። የስፌት መኪና፣ የጽሕፈት መኪና ስንል ማንም አይደናገርም። ልብስ ሰፊውን «መኪናህ ጎማ የለውም» የሚለው የለም። ባቡር ብቻ ምን በደለ?

ቅጂውን አለቃዬ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። አየት አደረገና «እንግዲያው ይግባ» አለ። ጋሼን ግን ይቅርታ አልጠየቃቸውም።

የቀረው መመለሱ ነበር። ይኼኛውን ኮምፒውተር አይሠራውም፤ ምክንያቱም ጋሼ ራሳቸው ድንጋዩ ያለበትን ክፍል «ወፍጮ ቤት» ብለው የጻፉበት ቦታ ብዙ ነው። አንድ በአንድ በዓይን ለቀምኩ። ሁለት ሌሊት ፈጀብኝ። የመጨረሻውን ፕሩፍ፣ ከኅትመት በፊት የሚታየውን ቅጂ፣ ጋሼም አዩት፤ ዓይናቸው ደከም ብሎ ስለነበር ግን የልጅነቱን ምዕራፍ እኔ ነበርኩ ጮክ ብዬ ያነበብኩላቸው። ባቡር የሚለው ጋ ስደርስ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

መጽሐፉ ታትሞ ሲመጣ ገለጥኩት። አንዷ አምልጣኛለች። ገጽ 64 ላይ፣ ከላይ ሦስተኛው መስመር፣ እናታቸው ጤፉን ተሸክማ አሁንም ወፍጮ ቤት ትወርዳለች።