የት ይገናኙ?

ከቢሾፍቱ የተመለስኩት እሑድ ማታ ነው። የሦስተኛው ፎቅ ሶሌታ (የወለሉ ኮንክሪት) ሙሌት ደግሞ ሰኞ ጠዋት። ድርጅቱ እኛን ሳይት ኢንጂነሮች ለሦስት ቀን የአመራር ሥልጠና ልኮን፣ ሐይቅ ዳር ተቀምጠን ስለ ራዕይና ስለ ተነሳሽነት ስንሰማ ከረምን። መሪው ሲሞቅ ቡድኑም ይሞቃል ተባልን። እኔም ሞቄ መጣሁ።

ሳይቱ ገርጂ ነው፤ ጂ ፕላስ አራት። የሚሞላው 40 ሜትር ኩብ ገደማ፣ ሲሚንቶው 290 ከረጢት፣ ሚክሰር ሁለት፣ የተደፋውን ኮንክሪት እየነዘረ የሚጠቀጥቅ ቫይብሬተር አንድ። ይቺን አንድ ያዙልኝ። ግንቦት እያለቀ ስለነበር ከሰዓት በኋላ ሰማዩ አይታመንም።

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሁሉንም ሰበሰብኩ። ብረት አሳሪው ፌራዮ፣ አናጺው፣ የቀን ሠራተኛው፣ ውሃ የሚያመላልሱት ሴቶች ሳይቀሩ። አሸዋው ክምር ላይ ወጣሁ። ዛሬ ዝናቡን እንቀድመዋለን አልኩ። እንችላለን ወይ? እንችላለን አሉ። አልሰማሁም አልኩ። ሰፈሩ ተናወጠ። አንዱ ልጅ በስልኩ ሲቀርጸኝ አየሁና ድምፄን ጨመርኩ።

ካቦአችን መሰላሉ ሥር የሻይ ብርጭቆ ይዘው ቆመዋል። "ጋሼ" ነው የምንላቸው። እሳቸው ሶሌታ መሙላት ሲጀምሩ እኔ ገና ፊደል አልቆጠርኩም።

"ኢንጂነር፣ ከየት ይጀመር?" አሉኝ ጭብጨባው በረድ ሲል።

"ከሁለቱም ጫፍ! ሁለት ሚክሰር አለን አይደል? ውድድር እናድርገው። ቀድሞ መሃል የደረሰ አንድ ሳጥን ለስላሳ!"

ፉጨቱ ቀለጠ። ጋሼ ሻያቸውን ፉት አሉ።

"እና የት ይገናኙ?"

"መሃል ላይ ነዋ!"

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። እሳቸው የሻዩን አተላ መሬት ላይ ደፍተው ወደ ላይ ወጡ።

እውነቱን ልናገር፣ ሊያሳፍሩኝ የጠየቁ መስሎኝ ነበር። ሴት ሆነሽ ሳይት ላይ ስትቆሚ ጥያቄ ሁሉ ፈተና ይመስልሻል። በተለይ አሸዋ ላይ ቆመሽ ከሆነ። ጋሼ ግን የጠየቁት ማወቅ ፈልገው ነው። መልሱ በሜትር የሚነገር ነበር። እኔ በቃለ አጋኖ መለስኩት።

እስከ 4 ሰዓት ድረስ ደስ ይል ነበር። ዘፈኑ፣ ሩጫው፣ ስድድቡ። ቫይብሬተሯን ግን ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው በፌሮው ላይ እየጎተቱ ይሻሟታል። አንዱ ሲነዝር ሌላው ዝም ብሎ ይደፋል። ኮንክሪቱ ሲፈስ ስመለከት ደግሞ አንድ ነገር ቅር አለኝ። የኮንክሪቱን ቅጥነት የምንለካበትን ስላምፕ ኮን አስመጣሁ። ሞልቼ፣ ጠቅጥቄ፣ ቀስ ብዬ አነሳሁት። ፍስስ ብሎ እንደ አጥሚት ላሜራው ላይ ተዘረጋ። ለመፍጠን ብለው ውሃ እየጨመሩ ነው። ማን አዘዛቸው? ለስላሳው!

5 ሰዓት ተኩል ላይ የምሥራቁ ሚክሰር ቺንጋ፣ የሚያዞረው ቀበቶ፣ ተበጠሰ። መለዋወጫ የለም። ሁለቱ ቡድኖች መሃል ያልተሞላ አምስት ሜትር ያህል ቀርቷል። የምሥራቁ ጫፍ በፀሐይ ላይ ሆኖ መጠንከር ጀምሯል። እኔ ምን አደረግሁ? ጮህኩ። "አይዟችሁ! በርቱ!" አልኩ። ወዴት እንደሚበረቱ እኔም አላውቅም።

ያኔ ነው ጋሼ የመጡት። ድምፃቸውን እንኳ አላነሱም። "ይሄኛው ጫፍ ይቁም። ሰው በሙሉ ወዲያ። ቫይብሬተሯም ወዲያ።" ሳንቃ አስመጡና ከኮሎናው (ከምሰሶው) በእግራቸው ቆጥረው ተራመዱ። የተደፋውን እስከዚያ አስጠግተው፣ ጫፉን ቀጥ አድርገው በሳንቃው ዘጉት። በኋላ በሜትር ለካሁት። ከኮሎና ኮሎና የተጋደመው የትራቩ ርዝመት ሲሶ ላይ ነው። ሸር (ትራቩን ሊቆርጥ የሚገፋው ኃይል) የሚቀንስበት ቦታ ማለት ነው። እኔ ለዚህ አንድ ሙሉ ሴሚስተር ጨርሻለሁ፤ እሳቸው በእርምጃ ጨረሱት።

በአንድ ሚክሰር እስከ 11 ሰዓት ተኩል ሄድን። ሳንቃው ጋ ስንደርስ ነቅለው፣ ጫፉን በመዶሻ አሻክረው፣ አጥበው፣ ቦያካ (በውሃ የቀጠነ ሲሚንቶ) ቀብተው ገጠሙት። ዝናቡ ስንጨርስ መጣ። ኮንክሪቱን የያዘው ጣውላ (ፎርምወርኩ) ሲፈታ መጀመሪያ የተሞላው አካባቢ ከሥሩ እንደ ማር ሰፈፍ ተቦርቡሮ፣ ሃኒኮምብ ሆኖ ተገኘ። የአማካሪው ሱፐርቫይዘር በቀይ ቀለም አከበበልኝና እስኪጠገን ድረስ ወደ ላይ አትወጪም አለኝ። ስምንት ቀን በላብን።

እዚህ ጋ ታሪኩ ቢያልቅ ደግ ነበር። ያ ልጅ የቀረጸው ቪዲዮ ግን በቴሌግራም ዋናው ቢሮ ደረሰ። በወሩ ስብሰባ ላይ በትልቁ ስክሪን ታየ። አለቃችን፣ ሳይት ላይ ጫማው አቧራ ነክቶት የማያውቀው ሰው፣ "አመራር ማለት ይሄ ነው" አለ። የምስክር ወረቀት ሰጠኝ፤ ፍሬም ያለው። ስለ ጋሼ ተነስቼ ልናገር አሰብኩ። አስቤ ቀረሁ። እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ሃኒኮምቡ አይደለም፣ ይሄ ነው። ፍሬሙ እናቴ ሳሎን ተሰቅሏል።

አራተኛው ፎቅ ሲደርስ በዋዜማው ከጋሼ ጋር ፎርምወርኩ ላይ ወጣን። መነሻውን፣ መድረሻውን፣ ሚክሰር ቢበላሽ የምንቆምበትን ሳይቀር በቀለም ምልክት አደረግን። ሁለት ቫይብሬተር፣ ሁለት ትርፍ ቺንጋ። ጠዋት ሰው ሲሰበሰብ ምልክቱን አሳየሁና ወደ ሥራ አልኩ። ንግግር የለም። ሥራው በትክክል ሄደ። ግን እንደ ለቅሶ ቤት ነው። አካፋው ሁሉ ይጎተታል። 3 ሰዓት ሆኖ ገና ሩቡን አልሞላንም።

ጋሼ አጠገቤ መጡ። "ዛሬ ምነው ዝም አልሽ? ልጆቹ እኮ ተኙ።"

"ንግግሩን ትቼዋለሁ ጋሼ።"

"ማን ተይ አለሽ? ውጪና ተናገሪ እንጂ!" ወደ አሸዋው ክምር በአገጫቸው ጠቆሙኝ። ልሄድ ስል ክንዴን ያዝ አደረጉኝ።

"ለስላሳ እንዳታነሺ ብቻ። ያለፈውንም አልከፈልሽም። ሁለቱም፣ የቀደምነው እኛ ነን ይላሉ።"