ብላንኩ ሰማያዊ የሆነ ቀን

ብላንኩ ሰማያዊ ሆነ። ኦልሰን የሚባለውን የአፈር ፎስፈረስ ምርመራ የሠራ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፦ ሰማያዊው የፎስፈረስ ምልክት ነው፤ ብላንኩ፣ ማለትም አፈር ያልገባበት ብልቃጥ፣ ፎስፈረስ ካሳየ፣ ከጎኑ የተደረደሩት 24 የገበሬ ናሙናዎች በሙሉ አይታመኑም። የቀለሙን ድምቀት የሚለካውን ስፔክትሮ 882 ናኖሜትር ላይ ደጋግሜ አነበብኩ። ቀለሙን የሚያወጣውን ኬሚካል፣ ሞሊብዴቱን፣ ደፍቼ አዲስ በጠበጥኩ። ያው ነው።

ኃላፊያችን በር ላይ ቆሞ «ዕቃ ማን አጠበ?» አለ። ዕቃ የሚያጥቡት እትዬ ናቸው፤ ከሁላችንም በፊት እዚህ ቤት የነበሩ። በማግሥቱ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳቸው።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። ማጠቢያው አሲድ ካለቀ ሁለት ሳምንት ሆኖት ነበር፤ ግዥው ፊርማ ይጠብቅ ነበር። «ለዚህ ሳምንት በዱቄት ሳሙና ይሹትና በተጣራ ውሃ ያለቅልቁት» ያልኳቸው እኔ ነኝ። ሳሙናው ፎስፌት ነበረበት፤ ፎስፌት ደግሞ ብርጭቆ ላይ ይጣበቃል። ሦስት ቀን ዝም አልኩ። በአራተኛው ለኃላፊው ስናገር «ደብዳቤው ወጥቷል» አለኝ።

ይቅርታ ልጠይቃቸው ገንዳው ጋ ሄድኩ። እትዬ እጃቸውን በሽርጣቸው አደረቁና «እሱስ ይቅር፤ ያ ሰማያዊ ነገር ምን እንደሆነ ንገረኝ። በምን እንደተከሰስኩ ልወቅ» አሉ።

ግድግዳው ላይ ወዳለው ሥዕል ወሰድኳቸው፤ ለጎብኚ ተማሪዎች ለዓመታት ያስረዳሁበት ነው። ፎስፈረስን ዝናብ ከድንጋይ ቀስ በቀስ ያሟሟዋል፣ ሥር ይስበዋል፣ ጤፍ ውስጥ ይገባል፣ ከእኛ ዘንድ አብዛኛው አጥንትና ጥርስ ላይ ይቀመጣል። ናይትሮጅንን የባቄላ ሥር ላይ ያሉ ባክቴሪያዎች ከአየር ያመጡታል። ፎስፈረስ ግን እንደ እሱ አየር ላይ የሚጠብቀን ክምችት የለውም፤ ከማሳ የወጣው የሚተካው በእበት፣ በአጥንት፣ አለዚያም ከተፈጨ ድንጋይ ተሠርቶ በጆንያ በሚመጣ ማዳበሪያ ነው። ቀይ አሲዳማ አፈር ላይ ደግሞ የተጨመረውንም ብረትና አሉሚኒየም ይዘው ለሥር አይለቁትም። ይህን ስናገር ሁልጊዜ ድምፄ ይጨምራል፤ እበቱ ኩበት ሆኖ ሲነድ ማሳው ምን እንደሚያጣ አውቃለሁና።

«ይሄ እዚህ የምደፋውስ?» አሉ።

ውሃው የሚሄድባቸውን የአዲስ አበባ ወንዞች በመስኮቱ አሳየኋቸው። ባንተይቀጡ፣ ቀበና፣ ትልቁ አቃቂ፤ አባ ሳሙኤል ግድብ ሲደርስ እንቦጩን ያፋፋዋል። «የተረፈውን አዋሽ ይዞት ባሕር ይገባል። ከባሕር ወለል ተመልሶ ድንጋይ ሆኖ እስኪወጣ ሚሊዮኖች ዓመት ይፈጃል።»

እትዬ ሥዕሉን ትኩር ብለው አዩት። «የትኛው ባሕር?»

ዝም አልኩ።

«አሳይታ ነው ያደግሁት፣ ልጄ። አዋሽ ባሕር አይደርስም። አቤ ሐይቅ ገብቶ እዚያው ይቀራል።»

ፊቴ ጋለ። ይህን በትምህርት ቤት በካርታ ተምሬዋለሁ፤ ግን ሥዕሉ ላይ ያለው ቀስት ወደ ሰማያዊው ባሕር ስለሚያመለክት ለዚያ ሁሉ ተማሪ ስለ አዋሽ ስናገር ያንኑ ቀስት ተከትያለሁ። ከተማችን የምታጥበው ሁሉ ውቅያኖስ ገብቶ አይሳሳም፤ ከግድብና ከመስኖ ማሳ ደለል የተረፈው መውጫ በሌለው ሐይቅ ይከማቻል፣ ከዳርቻው ሰዎች ከብት የሚያረቡበት ሐይቅ።

ቀስቱን በእስክርቢቶ ሰርዤ «አቤ» ብዬ ጻፍኩበት። እትዬ ፊደሉን አይተው ወደ ገንዳቸው ተመለሱ።

አሲዱ ባለፈው ወር ገባ። ማስጠንቀቂያው ግን አሁንም ፋይላቸው ውስጥ ነው፤ ይነሳ ብዬ ሁለት ጊዜ ጽፌያለሁ፣ ሦስተኛውን ዛሬ አስገባሁ።