እቴቴ፣ «ጻፉብኝ» እና 18 በመቶው

ጉዱን ያመጣው «ሁሉም ተከፍሎበታል» የሚለው ቃል ነው። አሜሪካ ያለችው የአክስቴ ልጅ ለእናቷ ለእቴቴ ከፍሎሪዳ የሚነሳ የ7 ሌሊት የክሩዝ (የሽርሽር) መርከብ ቲኬት ቆረጠችና በስልክ «እማዬ፣ አልጋውም ምግቡም ተከፍሎበታል፣ የአንቺ ሥራ መብላት ብቻ ነው» አለቻት። እቴቴ ወሬውን በማግስቱ ዕድር ላይ አደረሰችው። እኔ ደግሞ ባሕር ዳር ውስጥ እንጀራዬ የሰው ጉዞ ማሰናዳት ስለሆነ ዝም ማለት አቃተኝ። «እቴቴ፣ ተከፍሎበታል ማለት ሁሉም ነገር ነጻ ነው ማለት አይደለም» ብዬ ጀመርኩ። ያኔ አፌን ብዘጋ ኖሮ ይኸው ከ5 ሺህ ብር በላይ ኪሴ ውስጥ ነበረች።

አንድ ሰዓት ሙሉ አስረዳኋት። ራሷን እየነቀነቀች ሰምታኝ ስታበቃ «እንግዲህ እዚያው ስደርስ ይገባኝ ይሆናል» አለች። ይሄ በእቴቴ አማርኛ «አንዱም አልገባኝም» ነው። ስለዚህ ጣና ላይ ልምምድ እናድርግ አልኩ። ወደ ዘጌ የምትሄድ ጀልባ ተከራየሁ፣ ጊዜው ያለፈበት የኤቲኤም ካርዴን በክር አድርጌ አንገቷ ላይ አንጠለጠልኩ፣ 5ኛ ክፍል የሚማረውን የእህቴን ልጅ ማሙሽን ደብተርና እስክሪብቶ አስይዤ የመርከቡ ሒሳብ ሹም አደረግኩት።

የጥሪ ወረቀቱ ላይ ሆን ብዬ «መነሻ 8:00» ብዬ ጻፍኩ። መርከብ ላይ ሰዓቱ የፈረንጅ ነው፤ እራት 6:00 ከተባለ የእኛ 12 ሰዓት ነው፤ ይህን ያልለመደ ሰው በ6 ሰዓት ቀትር ላይ ለእራት ለብሶ ይቆማል። እቴቴ ትምህርቱ ገብቷት ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ነጭ ለብሳ ወደቡ ላይ ተገኘች። ታላቅ ወንድሜ ግን ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ላይ ምሳውን በልቶ መጣ። ጣና ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሳበት ጀልባ ነጂው አልጠበቀውም። ክሩዝም እንዲሁ ነው፤ ወደብ ላይ ለወረደ ሰው የመመለሻው ሰዓት መርከቡ ከሚነሳበት 30 ደቂቃ ወይም 1 ሰዓት ይቀድማል፣ በራሱ የወጣ ሰው ከዘገየ ጥሎት ይሄዳል፣ እስከ ሚቀጥለው ወደብ ድረስ ያለው ወጪ የራሱ ነው።

ጀልባዋ ላይ ሁላችንንም ሕይወት አድን ጃኬት አስለብሼ ወደ ካርዱ ገባሁ። መርከብ ላይ ጥሬ ብር በአብዛኛው አይሠራም። ሲሳፈሩ አንድ ካርድ ይሰጣል፤ የክፍሉን በር ይከፍታል፣ ወደብ ወርዶ ለመመለስ መታወቂያ ይሆናል፣ የገዙትን ሁሉ ደግሞ ያስመዘግባል። ሂሳቡ የሚወርደው መጀመሪያ ላይ ከተመዘገበው የባንክ ካርድ ነው። ገንዘብ ከቦርሳ ሲወጣ ስለማይታይ ሰው ይዘናጋል። የተመዘገበው ዴቢት ካርድ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ መርከቡ በየቀኑ ግምት እየያዘ ገንዘቡን ያግዳል፣ ከጉዞው በኋላ እስኪለቀቅ ቀናት ሊፈጅ ይችላል። ክሬዲት ካርድ ይሻላል።

«የማን ገንዘብ ነው የሚቆረጠው?» አለች እቴቴ ካርዷን እያገላበጠች።

«ስሙ የተጻፈበት ሰው።»

ካርዱ ላይ የተጻፈው የእኔ ስም ነበር። እሷ አየችው። እኔ ያኔ አላየሁትም።

ምግቡ ላይ ስንደርስ ጥያቄዋ በዛ። ቲኬቱ ውስጥ ያለው ዋናው የምግብ አዳራሽና ቡፌው ነው፣ እንደ መርከቡ ፒዛና በርገርም ይጨመራል። አዳራሹ ውስጥ መጀመሪያ የሚቀርበውም፣ ዋናው ምግብም፣ ጣፋጩም ተከፍሎበታል፤ ሁለት ዓይነት ካማረሽ ሁለቱንም ማዘዝ ትችያለሽ፣ አብዛኛውን ጊዜ አይጨምሩብሽም። «ነውር አይሆንም?» አለች። አይሆንም። ነገር ግን ደብዘዝ ያለ መብራት ያለበት፣ ስቴክ ወይም ሱሺ ብቻ የሚል ቤት ካየሽ ቁሚና ጠይቂ። እንዲህ ያሉት ለብቻቸው ያስከፍላሉ፣ ብዙ ጊዜ በሰው ከ40 እስከ 60 ዶላር።

ውኃ፣ ሻይና ተራ የተፈላ ቡና ቡፌው ላይ በነጻ ነው። ለስላሳና የታሸገ ውኃ ግን ይከፈልበታል። የእኛን ሰው የሚጥለው ማኪያቶ ነው። ከማሽን የሚወጣ ቡና በአብዛኛው በገንዘብ ነው፣ ጠዋትና ማታ «አንድ ማኪያቶ» ያለ ሰው በሳምንት 14 ስኒ ጠጣ ማለት ነው። በዚያ ላይ 18 ወይም 20 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ በራሱ ይደመራል። ደረሰኙን ሲያመጡልሽ ከሥሩ ሌላ ባዶ መስመር አለ፣ «ተጨማሪ ቲፕ» (ጉርሻ) ይላል። ባዶ ስለሆነ መሞላት ያለበት ይመስላል። የሞላ ሰው ሁለቴ ከፈለ። ከዚህ ሁሉ ሌላ የክፍልና የመስተንግዶ ቲፕ በየቀኑ በየሰዉ ይቆረጣል፤ ከአሜሪካ የሚነሱ ብዙ መርከቦች ላይ ከ16 እስከ 20 ዶላር ነው። 18 ዶላር ብንል፣ ለሁለት ሰው በ7 ቀን 252 ዶላር። ብዙ ሰው ይህን በመጨረሻው ቀን ነው የሚያየው።

የመጠጥ ፓኬጁንም ነገርኳት። የአልኮል ፓኬጅ አንዷ ከገዛች በዚያው ክፍል ያለች ሌላዋ አዋቂም እንድትገዛ የሚያስገድዱ ብዙ ናቸው። በበዓል አንዲት ብርሌ ጠጅ ለምትቀምስ ሴት የሚያዋጣ ነገር አይደለም።

ከቦርሳዋ ጀበና ሲወጣ ያየሁት ያኔ ነው። «ይሄስ?» አለች። ጀበናው ራሱ ምንም አይደል፤ ከሰል፣ ሻማ፣ ዕጣን፣ ውኃ የሚያፈላ ኤሌክትሪክ ምድጃ ግን እሳት ስለሚፈራ ፍተሻ ላይ ይያዛል። ቤት የተሠራው ድርቆሽና ቆሎም ሊከለከል ይችላል፤ ከፋብሪካ ታሽጎ የመጣ ይሻላል። ስለ ጾሙ ደግሞ፣ «አትክልት ብቻ» ካልሽ እንቁላልና አይብ ይዘው ይመጣሉ። ቲኬቱ ሲቆረጥ «ቪጋን» ብሎ ማስመዝገብ፣ ከዚያ በመጀመሪያው ማታ ለአስተናጋጁ አለቃ መንገር ነው፤ የነገውን ምናሌ ዛሬ አምጥቶ ያስመርጥሻል። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው የአዳራሹ ምሳ ስለሚያመልጠው ቡፌው እስከ ስንት ክፍት እንደሆነ ቀድሞ ይጠይቅ። አሳ ይጾማል አይጾምም የሚለውን ግን ጣና ላይ ሆኜ አላነሳውም፤ ከጀልባ ይጥሉኛል።

ንድፈ ሐሳቡ እዚህ አለቀ። ዘጌ ወረድን። ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የሚያወጣው መንገድ በቡና ዛፍ ጥላ የተሸፈነ ነው፣ ግራና ቀኙ ሥዕልና ትንንሽ የደንገል ታንኳ የሚሸጡ ልጆች ናቸው። እኔ ለገዳሙ መግቢያ ለመክፈል ቀደም አልኩ። (ይሄም ትምህርት ነበር፤ የጀልባ ኪራይ የገዳሙን መግቢያ አይጨምርም፣ መርከብም ወደብ ላይ ለሚደረግ ጉብኝት ለብቻ ያስከፍላል።) ዞር ስል እቴቴ ቡና የምታፈላዋ ሴት ዘንድ ተቀምጣ፣ ካርዷን ከአንገቷ ዘርግታ «ጻፉብኝ» ትላለች። መንገደኛውን ሁሉ «ኑ ጠጡ፣ ተከፍሎበታል» ብላ ጠርታለች። ማሙሽ ቆሞ ይጽፋል።

ስንመለስ ቡና አፍዪዋና ሁለት ልጆች እስከ ጀልባዋ ድረስ ሸኙን። ሸኙን ማለቴ እኔን ነው። 14 ስኒ ቡና 420 ብር፣ 3 ታንኳ 600፣ አንድ የፍየል ቆዳ ሥዕል 1,500። ከፈልኩ። ባሕር ዳር ስንደርስ ሐይቁ ዳር ለሰው ሁሉ የቆሮሶ አሳ ጥብስ አዘዘች፣ 4 ሰሃን 1,800 ብር፣ 6 ለስላሳ 300 ብር። አስተናጋጁ ካርዱን ወደ ብርሃኑ ቀና አድርጎ አየውና ወደ እኔ መጣ። ድምሩ 4,620 ብር።

«አንተ ልጅ» አለች፣ «ስሙ የተጻፈበት ይከፍላል አላልክም?»

ሥዕሉ ግን ቆንጆ ነው፣ ቤቷ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

በማግስቱ ጠዋት ከመኝታ ስነሳ በበሩ ሥር የተቀደደ የደብተር ገጽ ተሸጉጧል። ትናንት ጀልባዋ ላይ «አንዳንድ መርከብ ላይ በመጨረሻው ሌሊት የሒሳብ ወረቀት በበሩ ሥር ይገባል» ብዬ የነገርኳቸው እኔው ነኝ። ወረቀቱ በማሙሽ እጅ ጽሑፍ፣ በማስመሪያ ተሰምሮ፦ ጠቅላላ ፍጆታ 4,620፤ የአገልግሎት 18 በመቶ፣ 831 ብር ከ60። ከሥሩ «ተጨማሪ ቲፕ» የሚል መስመር አለ፣ በእቴቴ የእጅ ጽሑፍ «200፣ ለልጁ ይጨመርለት» ተሞልቶበታል። ፊርማዋም አለ።

ማሙሽን ሳሎን ውስጥ ቁርስ ሲበላ አገኘሁት። ወረቀቱን አውለበለብኩበት።

«ቅሬታ ካለህ» አለኝ ዳቦውን እያኘከ፣ «ከመርከቡ ሳትወርድ ነበር።»