ቅጠል መመዘን ከጀመርኩ ስድስተኛ ወር፤ ከሐዋሳ

ዝናብ መለካት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት አልፎኛል። በዚህ በጋ ግን ጥያቄዬ ተቀየረ። ስንት ዘነበ ከማለት ይልቅ፣ ከዘነበው ውስጥ ቅጠሉና ግንዱ ላይ ስንቱ ቀረ የሚለውን መከታተል ጀመርኩ። ከጥቅምት እስከ መጋቢት የሠራሁትን፣ የተሳሳትኩትንም ጨምሬ፣ እንደኔው ለምትመዘግቡ ላካፍላችሁ።

ነገሩን ያስጀመረኝ አንድ እሳት ነው። አምና የካቲት ላይ ከቤታችን ጀርባ የበቆሎ አገዳ እየተቃጠለ ሳለ ንፋስ ተነሣና እሳቱ ወደ ባሕር ዛፉ ገባ። ሰፈርተኛው ወጥቶ፣ ገሚሱ በባልዲ ገሚሱ በእርጥብ ቅርንጫፍ እየመታ አጠፋነው። ያን ዕለት ሙቀቱ ከሌላው ቀን የተለየ አልነበረም። ከሳምንት በፊትም እዚያው ቦታ አገዳ ተቃጥሎ ምንም አልተፈጠረም። ታዲያ በሰባት ቀን ውስጥ ምን ተለወጠ? መዝገቤን ባገላብጥ መልስ አጣሁበት። የዝናብ ዓምዱ ለሁለቱም ሳምንት ዜሮ ነው።

መልስ ፍለጋ ሳነብ የደረስኩት ሩቅ አገር፣ የካሊፎርኒያ ሴራ ኔቫዳ ተራሮች ላይ ነው። እዚያ ዋናው ዝናብና አመዳይ (እንደ ጥጥ የሚወርደው በረዶ) የሚጥለው ከኅዳር መጨረሻ እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ነው፤ በጋቸው ደረቅ ነው። አመዳዩ ተራራው ላይ ተከምሮ ይቆይና ሲሞቅ ቀስ እያለ ይቀልጣል። ከግዛቲቱ የውሃ አቅርቦት 30 በመቶ ያህሉ ከዚያ ይመጣል። ለእሳቱም ወሳኝ ነው፤ አመዳዩ ዘግይቶ ከቀለጠ አፈሩና የወደቀው ግንድ እርጥብ ሆኖ ይሰነብታል፣ ቀድሞ ካለቀ ደግሞ ጫካው ለመድረቅ ተጨማሪ ሳምንታት ያገኛል። ለዚህ ነው በየዓመቱ መጋቢት 23 አካባቢ የተራራውን አመዳይ የሚለኩት። መጋቢት 23 ቀን 2007 ዓ.ም. የተገኘው ከአማካዩ 5 በመቶ ብቻ ነበር። የወቅቱ አገረ ገዥ ጄሪ ብራውን በዚያው ዕለት አመዳይ በሚከመርበት ቦታ ሣር ላይ ቆመው ነበር የውሃ ቁጠባ ትእዛዙን የተናገሩት።

እኔን የያዘኝ ግን የአለካካቱ ዘዴ ነው። የአመዳዩን ቁመት ለክተው አያቆሙም። ባዶ ቱቦ እስከ መሬት ሰክተው ያወጡና ከነአመዳዩ ይመዝኑታል፤ ከክብደቱ ሲቀልጥ ስንት ሚሊ ሜትር ውሃ እንደሚሆን ያሰላሉ። ገና የወረደ አንድ ሜትር አመዳይ 100 ሚሊ ሜትር ያህል ውሃ ሲሆን፣ ተጠቅጥቆ የከረመው ግን እስከ 400 ሊደርስ ይችላል። በዓይን ሁለቱም ነጭ ክምር ናቸው። ሚዛን ነው የሚለያቸው።

እኛ አገር እንዲህ የሚከርም አመዳይ የለም። የባሌ ተራሮች ጫፍ የሆነው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ከፍታ ላይ ሆኖ እንኳ አልፎ አልፎ ቢጥልበት ቶሎ ይጠፋል። የእነሱን የቅዝቃዜ ወቅት «ክረምት» ብለን ስንተረጉም ግራ የሚያጋባን ነገርም አለ፤ ያ ወቅት በእኛ አቆጣጠር በጋ ላይ ነው የሚውለው። ሥራቸውን ካየን ግን ሁለቱም ክረምቶች አንድ ናቸው፤ ውሃ የሚጠራቀምባቸው ወራት ናቸው። የእኛው ግምጃ ቤት አፈሩ፣ ረግረጉ፣ የዛፉ ሽበትና የወደቀው ግንድ ነው። ስለዚህ እነሱ አመዳይ ከመዘኑ እኔ ቅጠልና ግንድ ልመዝን አልኩ።

ዕቃዎቹ ቀላል ናቸው። የዝናብ መለኪያዬ ያው ሁላችሁም የምታውቁት ሁለት ሊትር ሃይላንድ ነው፤ አናቱ ተቆርጦ እንደ ማጥለያ ተገልብጦበታል። የአፉ ስፋት 10 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ 7.85 ሚሊ ሊትር ውሃ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት ነው። በማስመሪያ መለካቱን ትቼ ከፋርማሲ በገዛሁት ባለ 10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ እየሳብኩ እቆጥራለሁ። የሃይላንዱ ቂጥ ጎርባጣ ስለሆነ ማስመሪያ ሁልጊዜ ያሳስታል።

ለአየሩ እርጥበት ሁለት ቴርሞሜትር ጎን ለጎን አሰርኩ፤ የአንዱን ጫፍ በጥጥ የኩራዝ ክር ጠቅልዬ አረጥበዋለሁ። የቧንቧ ውሃ ክሩ ላይ ጨው ስለሚተው ጋራዥ የሚሸጠውን የተጣራ የባትሪ ውሃ ነው የምጠቀመው (አሲዱን አይደለም፣ ስትገዙ አደራ)። ለሦስት ደቂቃ አራግቤ ሁለቱን አነባለሁ። አየሩ በደረቀ ቁጥር የረጠበው ይበልጥ ይቀዘቅዛል።

እዚህ ላይ አንድ ወር ሙሉ ተሳስቼ ነበር። ታኅሣሥ 9 ሰዓት ላይ ደረቁ 28፣ እርጥቡ 16 ዲግሪ ሲያሳይ ሁለቱን ንባብ ወደ አየር እርጥበት የሚቀይረው ሰንጠረዥ 27 በመቶ ይለኛል፤ እኔም እሱኑ እጽፋለሁ። ችግሩ ሰንጠረዡ ለባሕር ወለል የተሠራ መሆኑ ነው። ሐዋሳ ወደ 1,700 ሜትር ላይ ናት፤ አየሩ ስለሚሳሳ በተመሳሳይ እርጥበት የረጠበው ቴርሞሜትር እዚህ ይበልጥ ይቀዘቅዛል። በእኛ የአየር ግፊት፣ ማለትም ወደ 830 ሄክቶፓስካል ገደማ፣ ስሌቱን ስሠራው ትክክለኛው መልስ 31 በመቶ ሆነ። የታኅሣሥን ገጾች በሙሉ በቀይ እስክሪብቶ አርሜያቸዋለሁ። አዲስ አበባ፣ ደብረ ብርሃን ወይም ጎባ ያላችሁ ስህተቱ ከእኔም ይብስባችኋል፤ ከፍታችሁን ሳታስገቡ ምንም ሰንጠረዥ አትመኑ።

ቅጠሉን መመዘን የበለጠ ትዕግሥት ጠየቀኝ። ከባሕር ዛፉ ሥር የረገፈውን አንስቼ ወዲያው በፌስታል አስሬ እመዝናለሁ፤ ከዚያ ፈጽሞ እንዲደርቅ አድርጌ እንደገና እመዝናለሁ። ልዩነቱ ለደረቁ ክብደት ሲካፈል እርጥበቱን በመቶኛ ይሰጠኛል። መጀመሪያ በኤሌክትሪክ ምጣድ ሞከርኩ። ጫፉ ጠቆረ፣ ቤቱ ባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ ሸተተ፣ ልኬቱም ዋጋ አጣ፤ ቅጠሉ ሲያር ከውሃው ሌላ ዘይቱም አብሮ ይሄዳል። መፍትሔው ሰፈራችን ካለው ዳቦ ቤት ተገኘ። ማታ ምድጃው ጠፍቶ ሙቀቱ ወደ 100 ዲግሪ ሲወርድ ልጁ ትሪዬን ያስገባልኛል፣ ጠዋት ዳቦ ልገዛ ስሄድ ይመልስልኛል። እግዜር ይስጠው፣ አንድ ቀን እንኳ አልሰለቸም።

አንድ ቀን ላሳያችሁ። የካቲት 11 ጠዋት 1 ሰዓት ያነሳሁት ቅጠል 14 በመቶ ውሃ ነበረው። ከዚያው ቦታ 9 ሰዓት ላይ ያነሳሁት 53.5 ግራም መዝኖ ደርቆ 50 ግራም ሆነ፤ 7 በመቶ ማለት ነው። በስምንት ሰዓት ውስጥ ግማሹ ሄደ። ጠዋት በእጄ ስጨብጠው የሚታጠፈው ቅጠል ከሰዓት በኋላ እንደ ቂጣ ይሰባበራል። አምና በአንዱ ቀን ያልተቀጣጠለው በሌላው ቀን ለምን እንደተቀጣጠለ አሁን ግምት አለኝ፤ ሰዎቹ አንዱን ጊዜ በማለዳ፣ ሌላውን ጊዜ ከምሳ በኋላ ነበር የለኮሱት። ንፋሱን ሳልዘነጋ።

ይህን ሁሉ ስሠራ የሚያዩኝ አንድ ጎረቤት አሉ፣ ልጅነታቸውን በባሌ ተራሮች ግርጌ፣ በአዳባ በኩል ከብት ሲጠብቁ ያሳለፉ አባት። «አንተ ልጅ፣ ሚዛን ምን ያደርግልሃል? ጨብጠህ ስማው እንጂ» አሉኝ። አስታውን (ደጋ ላይ የሚበቅለውን ቁጥቋጦ) ለግጦሽ ሲያቃጥሉ ትልልቆቹ ቀንጠብ አድርገው ድምፁን ይሰሙ እንደነበር፣ የሚያቃጥሉትም ዝናቡ ሊገባ ሲል እንደነበር አጫወቱኝ። «እሺ አባቴ» ብዬ ከሚዛኑ ጋር አስተያየሁት። በ20 ቀን ልኬት፣ ቀጭ ብሎ የተሰበረው ሁሉ ከ9 በመቶ በታች ነበር፤ ከ12 በላይ ሆኖ የተሰበረ አንድም የለም። እሳቸው ሲሰሙ ፈገግ አሉና ቡና ጠጣ አሉኝ።

ስለ ባሌ ሲነሳ 1992 ዓ.ም.ን አለማስታወስ አይቻልም። ከየካቲት ጀምሮ በባሌና በቦረና ጫካዎች የተነሣው እሳት ከ100 ሺህ ሄክታር በላይ በልቷል። ገበሬው፣ ወታደሩ፣ ተማሪው ተረባርቧል፣ ከውጭ አገርም ባለሙያዎች መጥተዋል፤ በመጨረሻ የሰው ርብርብና የበልግ ዝናብ ተደርበው ነው ያስቆሙት። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ሰሜን ተራሮች በመጋቢትና በሚያዝያ ነደደ፤ የእስራኤል የእሳት አደጋ ሠራተኞችና ከኬንያ የመጣ ሄሊኮፕተር አግዘዋል። ሁለቱም በጋው ሊያልቅ ሲል የሆኑ ናቸው። ሙቀቱ ብቻውን አይደለም ይህን የሚያመጣው፤ ከመስከረም ጀምሮ እየተንጠፈጠፈ የቆየው ውሃ የሚያልቀው ያን ጊዜ ስለሆነ ነው።

አሜሪካኖቹ የሚቃጠለውን ነገር በውፍረቱ ከፍለው በሰዓት ይጠሩታል። ከ6 ሚሊ ሜትር የሚቀጥነው የአንድ ሰዓት ነው፤ ከአየሩ እርጥበት ጋር ለመስተካከል የሚቀረውን መንገድ ሁለት ሦስተኛ ያህሉን በአንድ ሰዓት ይሄዳል። ከ7.5 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር የሚወፍረው ደግሞ የ1,000 ሰዓት ነው፣ ከ40 ቀን በላይ። ይህን ካነበብኩ በኋላ ነው 10 ሴንቲ ሜትር የሚወፍር፣ አንድ ሜትር የሚረዝም የደረቀ የባሕር ዛፍ ግንድ ሜዳ ላይ አኑሬ በየቅዳሜው በተንጠልጣይ ሚዛን መመዘን የጀመርኩት። ጥቅምት መጀመሪያ 6.42 ኪሎ ነበር። ኅዳር ላይ በፍጥነት ቀነሰ፣ ጥር ላይ ዘገየ፣ የካቲት መጨረሻ 5.61 ላይ ቆመ። 810 ግራም ውሃ ከአንድ ግንድ። ያለኝ የአመዳይ መዝገብ ይኸው ነው።

አንድ ያልጠበቅሁት ነገር ልጨምር። ጥሩ ክረምት እሳትን ይቀንሳል ብዬ ነበር የማስበው። ካሊፎርኒያ ግን በ2009 ዓ.ም. ብዙ ዝናብና አመዳይ ካገኘች በኋላ፣ ያ ውሃ ያበቀለው ሣር ደርቆ በ2010 ዓ.ም. በመኸርና በታኅሣሥ ከባድ እሳት አይታለች። በስምጥ ሸለቆ ሣራማ መሬት ላይም ይህ መሥራቱ አይቀርም። ክረምቱ ሲያልፍ ከታቦር ተራራ ሥር ያለው ሣር እስከ ጉልበቴ ነበር፤ በሚቀጥለው ዓመት ጥቅምት ላይ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር አጭጄ ልመዝነው አስቤያለሁ።

አሁን ዝናቡ ጀምሯል። መጋቢት 4 ቀን 24 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም 3 ሚሊ ሜትር ጣለ። ሰፈሩ ሁሉ በጋው አለቀ አለ። ቅጠሉ ያን ማታ ከ30 በመቶ በላይ ነበር፣ በማግስቱ 9 ሰዓት ላይ ተመልሶ 9። መጋቢት 12 ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ አዘነበው፤ ሲሪንጁን 14 ጊዜ ሞልቼ ትንሽ ተረፈኝ፣ 18 ሚሊ ሜትር። ጠዋት ቅጠሉን ጨምቄው ውሃ ወጣው። ግንዱን ግን ሰቅዬ ሳየው 5.66 ነው፤ የጨመረው 50 ግራም ብቻ፣ እሱም አብዛኛው ቅርፊቱ ላይ ያለ ይመስላል። በቢላ ጫር ሳደርገው ውስጡ ነጭና ደረቅ ነው። ቅዳሜ እንደገና እሰቅለዋለሁ።