ፍጡርን የሚያድኑ ችሎታዎች አሠራር፦ እስካሁን የደረስኩበት

ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ የተባለውን የካርድ ጨዋታ ጎንደር ማራኪ አካባቢ እየተሰበሰብን የምንጫወት ጓደኛሞች አዘውትረን የምንከራከረው ፍጡርን (ለባለቤቱ የሚዋጋ ካርድን) ከሞት በሚያድኑ ችሎታዎች ላይ ነው። ካርዶቻችን ከውጭ አገር የመጡ፣ አሮጌና አዲስ የተቀላቀሉባቸው በመሆናቸው፣ እኔ ከጥንታዊው ከሪጀነሬት ጀመርኩ።

ሪጀነሬት የሞተን አያስነሣም። ክፍያው አስቀድሞ ሲፈጸም ፍጡሩ እስከ ተራው መጨረሻ የሚቆይ ጋሻ ያገኛል፤ በዚያ ተራ ውስጥ ሊደመሰስ ሲል፣ በመደምሰሱ ፋንታ የደረሰበት ጉዳት ሁሉ ይሰረዝለታል፣ ካርዱ ወደ ጎን ይዞራል፣ በውጊያ ላይ ከነበረም ከውጊያው ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1993 ከወጣው ከመጀመሪያው እትም ድረጅ ስኬለተንስ የተባለውን የአጽም ፍጡር እንውሰድ። ጉልበቱም (የሚያደርሰው ጉዳት) ጥንካሬውም (የሚገድለው የጉዳት መጠን) 1 ነው፤ ጉልበቱ 5 የሆነ አጥቂ ሲመጣ በእርሱ አግዳለሁ፣ ጉዳቱ ከመድረሱ በፊትም አንድ ጥቁር ማና (የጨዋታው መክፈያ ኃይል) እከፍላለሁ። አጽሙ ይተርፋል፤ አጥቂው እንደታገደ ስለሚቆጠርም፣ ትራምፕል (ትርፍ ጉዳትን ወደ ተጫዋቹ የሚያሳልፍ ችሎታ) ካለው በቀር፣ በእኔ ላይ ምንም ጉዳት አይደርስም። ጉዳቱ ካረፈ በኋላ ግን ለመክፈል ጊዜ የለም፤ ሕጉ ማንም ምላሽ ሳይሰጥ ፍጡሩን ወደ መቃብር ይልከዋል።

ኢንደስትራክቲብል ያለው ፍጡር ከዚህ የሚለየው ጉዳቱ እየተመዘገበበትም ባለመደምሰሱ ነው። ራዝ ኦፍ ጎድ የተባለው ካርድ ፍጡራንን ሁሉ ሲደመስስ ሪጀነሬትን በግልጽ ይከለክላል፤ ኢንደስትራክቲብል ያለው ግን በቦታው ይቀራል። ይሁን እንጂ ጥንካሬው ወደ 0 ከወረደ፣ ባለቤቱ መሥዋዕት እንዲያደርገው ከተገደደ ወይም እንደ ሶርድስ ቱ ፕላውሼርስ ባለ ካርድ ከጨዋታው ከተሰደደ፣ ሁለቱም ችሎታዎች አያድኑትም፤ ከእነዚህ አንዱም መደምሰስ አይደለምና። ስለዚህ አሁን በተጋጣሚዬ ካርድ ላይ በቅድሚያ የማነበው ግሡን ነው።

በእውነት ከሞት የሚመልሱት እ.ኤ.አ. በ2008 የመጣው ፐርሲስት እና በ2012 የመጣው አንዳይንግ ናቸው። ፍጡሩ መቃብር ከደረሰ በኋላ ስለሚሠሩ መሥዋዕት ለሆነውም ይጠቅማሉ። ፐርሲስት ያለው የሚመለሰው ሲሞት ጉልበቱንና ጥንካሬውን በአንድ የሚቀንስ ምልክት ካልነበረበት ብቻ ሲሆን፣ ሲመለስ ያንኑ ምልክት ይዞ ነው፤ አንዳይንግ በተቃራኒው በሚጨምር ምልክት ይሠራል።

እኔ አሁንም ሪጀነሬትን አስበልጣለሁ፤ ማናን ቆጥቦ መጠበቅን ያስተምራልና። አዳዲስ ካርዶች ግን ትተውት፣ ብዙ ጊዜ እስከ ተራው መጨረሻ ኢንደስትራክቲብልን ይሰጣሉ። ቀጥዬ የማጠናው እ.ኤ.አ. በ2022 የመጣውን የጋሻ ምልክት ነው፤ ይህ መደምሰስን ብቻ ሳይሆን ጉዳትንም ስለሚከላከል፣ አንድ ነጥብ ጉዳት ብቻ በሚያደርስ ካርድ ሊገፈፍ ይችላል።